ሥራ መፈለግ የተዉ ሰዎች

የቆጠራ ሠራተኛዋ አይቹሮክ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ስትገኝ እርሳሱ ከእጇ አልወጣም ነበር። የገደላት የድንጋይ ከሰል ጭስ ነው። ናሪን ከተማ ውስጥ ባለችው በዚያች ትንሽ የስታቲስቲክስ ቢሮ ምድጃው የሚነደው በኮሪደሩ በኩል ነው፤ ጀርባው ግን የእሷን ክፍል ያሞቃል፤ የጭስ ማውጫው መዝጊያም እዚያው ነው። ፍሙ ሳይከስም አንድ ሰው ዘግቶታል። «እሳት አንዳጁ ጁማሽ ነዋ!» አለ አገሩ ሁሉ። ፖሊሶቹም ካቴና ይዘው ቆሙ።

መርማሪዋ ካሊቻ ግን አገር ያለውን ሁሉ የምታምን ሴት አይደለችም።

«ኤጄ፣ በልጆቼ እምላለሁ አልዘጋሁም!» አለ ጁማሽ፣ በአገሩ ወግ «ታላቅ እህቴ» ብሎ እየጠራት። «የዘንድሮን የመጀመሪያ እሳት ቅዳሜ ጠዋት አነደድኩና ቤቴ ገባሁ። አመሻሽ ላይ ስመለስ ሞታለች።»

«ከማን ጋር ተጣልታ ነበር?»

የሟች ባልደረባ ኑርዛት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከኃላፊያችን። የሥራ አጡ ቁጥር ከፍ ብሎ መጣበት። ሥራ የሌለው ሁሉ ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም፣ ኤጄ፤ ባለፈው ወር ሥራ የፈለገ መሆን አለበት። መፈለግ የተወ ከቁጥሩ ይወጣል። ‹ፈልገዋል› ያልሽውን ‹አልፈለጉም› አድርጊው አላት። እሷ ደግሞ ለዋናው መሥሪያ ቤት እናገራለሁ አለችው።»

«ጉድ እኮ ነው! ሥራ ሳይሰጡ ሥራ አጥ ማጥፋት!» አለች ካሊቻ።

ኃላፊው ሳዲርቤክ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ መርጋቱ ራሱ ያስፈራል።

«ስም ማጥፋት ነው» አለ። «ሐሙስ እኔው ራሴ እነ ጁማሽ መንደር ወርጄ የቆጠራውን ሠላሳ ቤት ጠይቄያለሁ። ሁሉም መፈለግ ትተናል አሉኝ። ቅጾቹን የዚያኑ ዕለት ካዝና ውስጥ ቆለፍኩ፤ ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም። ቅዳሜ እዚህ ድርሽ አላልኩም።»

ካሊቻ ካዝናውን አስከፍታ ቅጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሦስቱንም ምድጃው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ጁማሽ፣ ሐሙስ የት ነበርክ?»

«ቀብር ነዋ። የመንደራችን ሽማግሌ የማምቤት። ቃሬዛውን ተሸክሜ።»

«አንቺስ ኑርዛት?»

«ከሴቶቹ ጋር ሳለቅስ።»

«መንደሩ ውስጥ ከቤቱ የቀረ ሰው ነበር?»

«ማምቤት ሞቶ? ማን ይቀራል!» አለች ኑርዛት።

ካሊቻ ወደ ኃላፊው ዞረች። «ሠላሳ ባዶ ቤት አንኳኩተህ ሠላሳ መልስ አገኘህ፣ ጌታው።»

«ቀኑን... ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሁን። ይኸኛውስ?» አሥራ ሰባተኛውን ቅጽ አነሳች። ጠርዙ ላይ ጥላሸት የነካው የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል። «የዘንድሮ እሳት የነደደው ገና ቅዳሜ ነው። ሐሙስ የተቆለፈ ወረቀት ጥላሸት ከየት አመጣ? ቁልፉስ ከማን ኪስ አልወጣም? መዝጊያውን በእጅህ ዘጋህ። እሷ ከግድግዳው ማዶ ስትሞት አንተ ክፍልህ ተቀምጠህ ‹አልፈለጉም› እያልክ ትጽፍ ነበር። እስቲ አውራ ጣትህን አሳየን።»

ሳዲርቤክ እጁን ኪሱ ከተተ። ካቴናው ከጁማሽ ፊት ወደ እሱ ዞረ።

ቢሮው ታሸገ፤ ጁማሽም ነጻ ቢወጣም ሥራ ፈት ሆነ። ከወር በኋላ ኑርዛት በዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ቆጠራውን ልትደግም የቤቱን በር አንኳኳች።

«ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ፈልገሃል?»

«ሦስት ቦታ ጠየቅሁ፤ የሚቀጥረኝ አጣሁ» አለ ጁማሽ። «‹ፈልጓል› ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ። እሷ የሞተችው ለዚህች ቃል ነው።»