የሃምሳው ጾም

እትዬ ውዴ ትኩሱን ድንች ልጠው፣ ጫፉን ሚጥሚጣ አስነክተው ለፍቅርተ ዘረጉላት። ድንቹን ከመላጥ በፊት ሁለቱ እንግዶቻቸው እያዩ እጃቸውን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥበው ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጾም ነኝ» አለች ፍቅርተ።

ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ቃሉ እንደ ልማዱ ከአፏ ወጣ። አጠገቧ የተቀመጠችው መሰረት ግን ማኘኳን አቆመች። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንታት ናቸው፤ በበዓለ ሃምሳ እንኳን ተማሪ ቄሱም ረቡዕን አይጾምም።

እትዬ ውዴ አልተቆጡም። ድንቹን ወደ ሰፌዱ መለሱት።

«በሃምሳው?» አሉ ብቻ።

የፍቅርተ ጆሮ ጋለ። መሰረት ከኩዌት ከተመለሰች ወዲህ ካርድ ወስደው የማያውቁ ሴቶችን ለምርጫ እንዲመዘገቡ ቤት ለቤት ትቀሰቅሳለች። ከጋፋት በታች ወዳለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ስትወርድ ፍቅርተን ያስከተለቻት አንደበቷን አይታ ነው። ፍቅርተ በትምህርት ቤት ክርክር ላይ «ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው» የሚለውን «የፋራ ወሬ» ብላ ረትታ ተጨብጭቦላታል። ጧት እናቷ «እዚያ ቤት እህል እንዳትቀምሺ» ሲሏት እንኳ ስቃባቸው ነበር የወጣችው። አሁን እጇ አልዘረጋ አለ።

መሰረት ዝምታውን ልትሸፍን ስለ ምዝገባው አወራች፤ ነገ የመጨረሻው ቀን መሆኑን፣ እሳቸው ከሄዱ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እንደሚከተሏቸው ነገረቻቸው። እትዬ ውዴ እስክትጨርስ ጠበቁ። ባለፈው ምርጫ ካርድ ሊወስዱ ሄደው ተሰልፈው እንደነበር ተናገሩ። ከፊታቸው ያለችው ሴት ወደፊት ፈቀቅ፣ ከኋላቸው ያለችው ወደኋላ ፈቀቅ አለች፤ በግራና በቀኛቸው ከብት የሚያሳልፍ ክፍተት ሆነ። ተራቸው ሳይደርስ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከመንደሩ ማንም አልሄደም።

«ካርዱ አይደለም የቸገረን፣ ልጄ» አሉ ፍቅርተን እያዩ። «ሰልፉ ነው።»

ዳገቱን ሲወጡ መሰረት ከፊት ከፊት ሄደች። ፍቅርተ ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድቡ ቢመጣ ይቀልላት ነበር።

«ኩዌት አሠሪዎቼ በእነሱ ዕቃ እንዳልጠጣ ለብቻዬ ብርጭቆ ለይተውልኝ ነበር» አለች መሰረት በመጨረሻ። «ዛሬ እትዬ ውዴ ቤት ያንን ብርጭቆ ያየሁት መሰለኝ። በአንቺ እጅ።»

ማታ የፍቅርተ እናት ሽሮውን እየተንተከተከ ከነድስቱ አቀረቡ። ድስቱ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ነው፤ ጥቁር፣ ከንፈሩ ለስላሳ፣ ከዚያው መንደር የመጣ። ፍቅርተ ድስቱን ስታይ ቆየችና አሞኛል ብላ ተነሣች።

ሲነጋ ትምህርት ቤት ሳትሄድ ብቻዋን ቁልቁል ወረደች። በመንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ ደጁ ስትደርስ አንዱም ቃል አልተገኘም። እትዬ ውዴ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ያልደረቀ ድስት በድንጋይ ያለሰልሳሉ።

«እትዬ፣ ትናንት ጾም አልነበርኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ርቦኛል።»

ቀና ብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ውስጥ ጠቆሟት። ሰፌዱ ላይ የትናንቱ ድንች ተራርፏል። ሰፌዱን አውጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለችና ራሷ ላጠች። ቀዝቅዟል፤ ጨውም የለውም፤ ጉሮሮዋ ላይ ይይዛታል። የእናቷ ድምፅ በጆሮዋ መጣ። ቢሆንም ዋጠች።

«ሰልፉ ላይ ከኋላዎት እኔ ልቁም?»

«አንቺ ለካርድ መች ደረስሽ?»

«ለመቆም ደርሻለሁ።»

እትዬ ውዴ ሊስቁ ያሉ መሰሉ፤ ግን አልሳቁም። «ሰው ያይሻል» አሉ።

«ይየኝ።»

ድንጋዩን በድስቱ ከንፈር ላይ ዙሪያውን አስኬዱት። ፍቅርተ የመጨረሻውን ቁራሽ በላች፤ ልጣጩን ሰብስባ ሰፌዱን ወደ ጥግ አስጠጋችው። እትዬ ውዴም ድስቱን አንሥተው ከሌሎቹ ጎን፣ ጥላው ሥር አኖሩት። ከዚያ ወደ ሰልፉ ለመሄድ ነጠላቸውን ከመስቀያው ከማውረዳቸው በፊት እጃቸውን ታጠቡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።