አዲሷ ትወጣለች

«ተረት ነው» የምትሉ እዚሁ ላይ ማንበብ አቁሙ። ደባርቅ ድረስ ሄጄ ከእሌኒ አፍ የሰማሁት ነው። መጨረሻውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጠራራ ፀሐይ...

እሌኒ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ወላጆቻቸው ካረፉ በኋላ ያሳደገቻት አንዲት ታናሽ እህት አለቻት፣ ሕሊና። ለሕሊና ሰርግ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ፊቷ ላይ ያለውን ማድያት ለማጥፋት ብላ ስልክ ላይ ካየቻት ሻጭ ቅባት አስመጣች።

ቫይታሚን ኤ።

«ተይው» አለቻት እሌኒ። «ቆዳ ይልጣል። ከፀሐይ ጋር አይስማማም።»

«ቫይታሚን እኮ ነው እታለም! ለሕፃናት በዘመቻ የሚሰጡት አይደል?»

የሚዋጠውና የሚቀባው አንድ አይደለም ብላ አፏ እስኪደርቅ አስረዳቻት። ሕሊና ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ጎረቤቱም «ቫይታሚን ማንን ጎድቶ ያውቃል?» ይላል። አሥር ዓመት መድኃኒት ቤት የቆመችው እሌኒ፣ የሚታመነው ግን ስልክ! እኔ ራሴ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በሦስተኛው ቀን የሕሊና ፊት ቀላ።

በአምስተኛው መላጥ ጀመረ...

ሻጯ የድምፅ መልእክት ላከች። እሌኒም ሰማችው።

«አይዞሽ... አሮጌዋ ትላጣለች... አዲሷ ትወጣለች።»

አዲሷ? ለምን «አዲሱ ቆዳ» አላለችም?

እሌኒ ደወለች። ቁጥሩ አይሠራም። ደጋግማ ሞከረች። አይሠራም።

በማግስቱ እሌኒ፣ ሕሊና ደብቃው የነበረውን የቅባቱን ካርቶን አግኝታ ሥራ ቦታ ይዛው ሄደች። ከምሳ በኋላ አነበበችው። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት (8 PM) ላይ ይቀቡ ይላል።

የፈረንጅ ስምንት!

በእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ሕሊና ግን በየቀኑ በእኛ ስምንት፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ተቀብታ ልብስ ልታሰጣ ደጅ ትወጣለች።

እሌኒ ጋዋኗን ሳታወልቅ ሮጠች። ለስምንት አምስት ጉዳይ ነበር። ስትደርስ ግን ስምንት አልፏል።

ግቢው ጭር ብሏል። ውሻው አልጮኸም። አጥሩ ሥር ተለጥፎ ወደ ቤቱ ያያል።

በረንዳው ላይ ሳፋ አለ። ውሃው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ተንሳፍፏል። በጣቷ አነሣችው።

ቅንድብ አለው።

«ሕሊና!»

«አቤት... እሌኒ።»

እሌኒ? ሕሊና ታላቋን «እታለም» ትላለች እንጂ በስሟ ጠርታት አታውቅም።

ከጓዳ ወጣች። ፊቷ ጥርት ብሏል። ማድያት የለም። ቅላት የለም። በልጅነቷ ወድቃ ግንባሯ ላይ የቀረው ጠባሳ... እሱም የለም።

«አየሽ?» አለች ፈገግ ብላ። «ቫይታሚን ነው እኮ።»

ያኔ ከደጅ፣ ከልብስ ማስጫው በኩል፣ ሹክሹክታ ተሰማ።

«እታለም... ፀሐዩ አቃጠለኝ... ነጠላ አምጪልኝ...»

እሌኒ ዘላ ወጣች። ማንም የለም። ባዶ ገመድ ብቻ።

ሰርጉ ተሠራ። ሰው ሁሉ «እንዴት አማረባት!» አለ። እሌኒ «እሷ እህቴ አይደለችም» ብትል፣ ሙሽራው ያርጋል ሳይቀር «ቀናችባት» አላት። አንድ ሰው እንኳ አላመናትም።

እኔ የሄድኩ ዕለት፣ ስምንት ሊሞላ ሲል፣ እሌኒ ገመዱ ላይ ነጠላ አሰጣች። «በየቀኑ ነው» አለችኝ።

ስምንት ሞላ። ነፋስ አልነበረም...

ነጠላው ቀስ ብሎ ከገመዱ ወረደ። ሰው ራሱን እንደሚከናነብ ተጠቀለለ። ከሥሩ እግር አይታይም።

እሌኒ ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

«ጥላ ሥር ሁኚ እህቴ» አለች።