ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች

«እንዳይቆርጧቸው!» አለች ማርቲ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ።

ጋሽ ኢተፋ ፒንሳውን እንደያዙ ቀና አሉ። «ማን ይቆርጣል? ልፈታቸው ነው እንጂ።»

የጊታሩን አንገት ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው መቃኛውን ወደ ኋላ ማዞር ጀመሩ። ወፍራሙ ክር እያጉረመረመ ላላ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። አንድ በአንድ እየጠቀለሉ በጋዜጣ ቁራጭ አሰሯቸውና ለማርቲ ሰጧት። ጊታሩ ላይ የቀሩት ሦስቱ ቀጫጭኖች ብቻ ነበሩ።

«እስከ ፋሲካ በእነዚህ ነው የምትጫወቺው። ቶሌ፣ እሺ?»

«ጋሽ ኢተፋ፣ ለመዘመር ሱሉልታ የምንሄደው እኮ የዛሬ ሳምንት ነው!»

«ጥሩ ነዋ። ሰባት ቀን አለሽ።»

ቡራዩ ውስጥ ጋሽ ኢተፋን ሁሉም የሚያውቃቸው በሶፋ ሠሪነታቸው ነው። እሑድ ስለሆነ ሶፋ ቤታቸው ውስጥ ሠራተኞቹ የሉም፤ ማርቲ ገና ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ጫፍ ላይ፣ ስፖንጁ ውስጥ እየሰጠመች ተቀምጣለች። ወጣት ሳሉ የቤተ ክርስቲያኑ የመጀመሪያ ጊታር ተጫዋች እሳቸው እንደነበሩ የነገረቻት እናቷ ናት። ወደዚህ የሮጠችው ግን ዛሬ ጠዋት በሆነው ነገር ነው።

እነ ማርቲ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሁሌ በፕሮግራም አይጀመርም። ጸሎት ሊያልቅ ሲል አሮጊቷ እትዬ ጥሩሰው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ከተቀመጡበት ያነሱታል፤ የዚያን ቀን ጉሮሯቸው በሰጣቸው ድምፅ። ያኔ ተጫዋቾቹ ድምፁ የት እንዳለ ፈልገው መድረስ አለባቸው። ማርቲ የምታውቃቸው ኮርዶች ጥቂት ናቸው፤ ሌላ ድምፅ ሲመጣ ካፖዋን፣ ክሮቹን ተጭኖ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርገውን መቆንጠጫ፣ ጊታሩ አንገት ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ታመላልሰዋለች። ዛሬ እሷ ስታመላልስ አንዱ አዝማች አለቀ። ከዚያ በእፍረት ስድስቱንም ክር በኃይል መታችው፤ የእትዬ ጥሩሰው ድምፅ ከሥሩ ጠፋ።

የኳየሩ መሪ ዘርሁን አልተቆጣም። «ማርቲ፣ ሱሉልታም እንዲህ ከሆነ ወደ አልቶ ዘማሪዎቹ ትመለሻለሽ» አላት፤ በቀስታ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሁለት ዓመት አልቶ መስመር ላይ ቆማ ጊታሩን ስታይ ኖራ፣ የተሰጣት ገና በመስከረም ነው።

ጋሽ ኢተፋ ስልካቸውን አወጡ። «ስሚ። ሶል የሚሉት የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው፤ ድሮ ከአንድ ጓደኛዬ በፍላሽ የወሰድኩት።»

ኦርጋን ተሰማ። ድራም፣ ቤዝ፣ የምታለቅስ የምትመስል ግን የማታለቅስ ሴት ድምፅ።

«ጊታሩ የት አለ?» አሏት።

ማርቲ ጆሮዋን አስጠጋች። «ጊታር የለውም።»

«ቆይ። ትንፋሽ ስትወስድ ጠብቂ።»

ሴትየዋ አንድ ስንኝ ጨርሳ ተነፈሰች። በዚያች ክፍተት ውስጥ የሆነች ትንሽ ነገር ጠብ አለች። ሁለት ጊዜ፣ ብርጭቆ በማንኪያ እንደመንካት። ሴትየዋ ስትመለስ ጊታሩ ጠፋ።

«አሁን እናንተ ጋ ቤዙን ወንዲ ይጫወታል። መሃሉን ሐኒ በኪቦርድ ሞልታዋለች። እዚያ ቤት ውስጥ አንቺ ስድስት ክር ይዘሽ ስትገቢ የት ትቀመጫለሽ? ሰው ጭን ላይ!» ሳቁ። «ሦስት ድምፅ ነው የሚያስፈልግሽ። ትራያድ ይሉታል። ኮርድ ማለት እሱ ነው፤ ሌላው ድግግሞሽ ነው።»

እጇን ይዘው ሦስት ጣቶቿን አስቀመጡ። ከዚያ ያንኑ ኮርድ ከፍ ብሎ በሌላ ቅርጽ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ አሳዩዋት። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ግን አንዱ ደመቅ ይላል፣ አንዱ ቀጠን።

«አንድ ቤት፣ ሦስት በር። ዘማሪዋ አንዱ በር ላይ ከቆመች አንቺ በሌላው ግቢ። ካፖሽን ለኔ ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው።

ሰኞና ማክሰኞ ጣቶቿ አልታዘዟትም። ረቡዕ እናቷ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ጊታርሽ ምን ነካው? ዛሬ ራሴን አላመመኝም» አለች። ሐሙስ ደግሞ አንድ ነገር ሆነ። ማርቲ የኤፍን ኮርድ ቅርጽ ይዛ ሳለ እጇ ሳታስበው ሁለት ፍሬት፣ የጊታሩን አንገት ከሚከፋፍሉት ብረቶች ሁለቱን፣ አልፎ ተንሸራተተ። ጂ ሆነ። ጣቶቿ ግን ቅርጻቸውን አልለወጡም። መለሰችው፤ ኤፍ። ሦስት ፍሬት ወደ ላይ ወሰደችው፤ ኤ ፍላት። ኤ ፍላትን በሕይወቷ ተጫውታው አታውቅም ነበር። ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ ማንም እንዳላያት አረጋገጠችና እንደገና ሳቀች።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ወንዲ ጊታሩን ገና ሲያየው ቤዙን አስቀመጠ። «ማርቲ፣ ሁለቱን ደግሞ አውጪና ማሲንቆ አድርጊዋ!»

«ሙድ አትያዝብኝ።»

«ኧረ እኔ የለሁበትም። ሱሉልታ ላይ ሰው ይይዝልሻል።»

ሐኒ ከኪቦርዱ ኋላ ሳቀች። ሐኒ የማርቲ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ጣቶቿ ፈጣን፣ አፏ ከጣቶቿ የፈጠነ። «የምንጀምርበት መዝሙር በኤፍ ነው» አለቻት።

ጀመሩ። ማርቲ ኤፍን ያዘች። ድምፁ የበሰበሰ እንጨት እንደ መርገጥ ሆነ። ዘማሪዎቹ ተያዩ። ማርቲ የተሳሳተችው እሷ መስሏት ጣቶቿን አየች፤ ልክ ናቸው። እንደገና መታች። ይብስ ሆነ።

«አቁሙ!» አለ ዘርሁን። «ምንድን ነው ይሄ?»

ያኔ ነው ማርቲ የኪቦርዱን ስክሪን ያየችው። ጥጉ ላይ ትንሽ ቁጥር አለች፤ ሁለት። ሐኒ ለሌላ መዝሙር ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን የትራንስፖዝ ቁልፍ ተጭና አልመለሰችውም። ጣቷ ኤፍን ሲነካ ኪቦርዱ የሚያሰማው ጂን ነበር። ሐኒም በዚያው ቅጽበት አየችው። ጣቷ ቀስ ብሎ ሄዶ ቁጥሯን አጠፋት።

«ክሯ ጎድሎ ነው መሰለኝ» አለች ሐኒ፤ ማንንም ሳታይ።

ዘርሁን ፊቱን ወደ ማርቲ አዞረ። «ጋሽ ኢተፋን አከብራቸዋለሁ። ግን በሰው መድረክ ላይ በሦስት ክር አንወጣም፤ ሼም ነው። ነገ ስድስቱንም አስገብተሽ ነይ። አለበለዚያ አልቶ።»

ማርቲ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ለምን እንደዘጋችው ራሷም አላወቀችም፤ ምናልባት የሐኒ ጆሮ እስከ ጫፉ ቀልቶ ስላየች ይሆናል።

ማርቲና ሐኒ በአንድ ባጃጅ ተመለሱ። ሐኒ መውረጃዋ ሲደርስ አንድ እግሯን አውጥታ ቆመች። «ያንን ቁልፍ ስረሳ ሦስተኛዬ ነው። ዘርሁን፣ ከደገምሽ ኪቦርዱን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎኛል።»

«እና እኔ አልቶ ልግባ?»

ባለ ባጃጁ፣ «እህቶቼ፣ ውረዱ ወይ ግቡ» አለ።

ማርቲ ቤት ገብታ ጋዜጣውን ፈታች። ሦስቱን ወፍራም ክሮች አንድ በአንድ መለሰቻቸው። ስትጨርስ ጊታሩ እንደ ድሮው ሙሉ ሆነ። አንዴ ስድስቱንም መታቻቸው። ሰፊ፣ ትልቅ ድምፅ ነው። ድሮ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን በጠባብ ሳሎን ውስጥ እንደ ቆመ ቁም ሳጥን ሆነባት። ለጋሽ ኢተፋ ምን እንደምትል እያሰበች ከረጢቱን ዘጋችው።

እሑድ ኳየሩ የተሳፈረባት ሚኒባስ እንጦጦን ስትወርድ መስኮቱ በቅዝቃዜ ላብ አልቦት ነበር። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሯጮች በመስመር፣ እኩል ሲረግጡ ታዩ። ወንዲ ከኋላ፣ «እነሱም እንደ ማርቲ ያለ ካፖ ነው የሚሮጡት» አለና ሁሉም ሳቀ፤ ማርቲም ጭምር። እትዬ ጥሩሰው ከፊት ወንበር ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ያንጎላጃሉ። ኳየሩ የሚሄድበት ሁሉ አብረው ይሄዳሉ፤ ማንም ጋብዟቸው አያውቅም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሁለቱ መዝሙሮች ደህና አለፉ። ማርቲ ብዙም አልተሰማችም፣ ብዙም አላጠፋችም። ወንጌላዊው በአማርኛና በኦሮምኛ እያፈራረቁ ጸለዩ። ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከሦስተኛው ወንበር፣ ያ የምታውቀው የሻከረ ድምፅ ተነሣ።

እትዬ ጥሩሰው ዓይናቸው ተጨፍኗል።

ወንዲ ማርቲን አየ። ሐኒ ማርቲን አየች። ከፊት መስመር ላይ ዘርሁን ማርቲን አየ። እጇ በልማድ ካፖውን ፍለጋ ወደ ኪሷ ሄደ፤ ባዶ ነው። እሷም ዓይኗን ጨፈነች። በቀጭኑ ክር ላይ ጣቷን እንደ መንካት ያህል ብቻ አስቀምጣ ማንም ሳይሰማት ወጣች። አንድ ፍሬት። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ክሩና የእትዬ ጥሩሰው ድምፅ ተቃቀፉ።

ኤ ፍላት። የሐሙሱ።

ሦስት ጣት። ሦስት ድምፅ። በአፏ ቅርጽ ብቻ ለወንዲ ነገረችው፤ ቤዙ ከሥር ገባ። ሐኒም አነበበቻት፤ እጆቿን ወደ ቁልፎቹ አወረደች። ማርቲ ያኔ ስክሪኑን አየችው። ሁለት። ከሁለተኛው መዝሙር የቀረ።

የሐኒ ጣቶች ገና አልነኩም። ቢነኩ ሱሉልታ ሁሉ ይሰማል፤ ዘርሁንም ይሰማል፤ ቅዳሜ የጎደለው ክር እንዳልነበረ ያኔ ይገባዋል። ማርቲ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው።

አንድ እርምጃ ወደ ጎን ተራመደች፤ ጀርባዋ በዘርሁንና በኪቦርዱ መሃል ሆነ። «ሐኒ» አለች በሹክሹክታ፣ በአገጯ ወደ ስክሪኑ እያመለከተች።

ሐኒ አየች። ፊቷ ነጣ። ጣቷ ከቁልፎቹ ተነሥቶ ቁጥሯን አጠፋና እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ቶሎ አልገባችም። አንድ ሙሉ አዝማች የእትዬ ጥሩሰው ድምፅ በቤዙና በሦስት ቀጫጭን ክሮች ብቻ ተይዞ ሄደ። አሮጊቷ ሲተነፍሱ ማርቲ በሌላው በር ገባች፤ ሁለት ጠብታ። ሲመለሱ እጇን አነሣች። ስድስቱም ክሮች እዚያው ነበሩ። ወፍራሞቹን አልፈለገቻቸውም።

ሐኒ ስትገባ ለስለስ ብላ፣ ከመሃል ገባች። የአዳራሹ ሰው ተነሥቶ ይዘምር ነበር። እትዬ ጥሩሰው አንድ ዓይናቸውን ከፍተው መድረኩን አዩ፤ መልሰው ጨፈኑት።

ፕሮግራሙ አልቆ ሚኒባሷ አጠገብ ሲጠብቁ ዘርሁን እየሳቀ መጣ። «አየሽ ማርቲ? ስድስቱንም ማስገባትሽ! ልዩነቱ እንዴት እንደሚሰማ!»

ወንዲ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ማርቲ መሬት መሬት እያየች ፈገግ አለች። ምን እንደምትመልስ ገና ስትፈልግ ሐኒ ቀደመቻት።

«ወንድም ዘርሁን፣ ሦስቱን ብቻ ነው የተጫወተችው።» ወደ ዘርሁን አንድ እርምጃ ቀረበች። «ቅዳሜም የተሳሳተው ኪቦርዱ ነው። ትራንስፖዙን አልመለስኩትም ነበር። ዛሬም ልደግመው ነበር፤ እሷ ናት ያሳየችኝ።»

ዘርሁን ሐኒን አየ፤ ከዚያ ማርቲን፤ ከዚያ በከረጢቱ አፍ ብቅ ያለውን ጊታር። ጭንቅላቱን አከከ። «በሉ ግቡ፣ ብርድ ነው። ቅዳሜ እናወራለን» አለ። ድምፁ ግን ኪቦርድ የሚነጥቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሚኒባሷ ዳገቱን ስትጀምር ማርቲ ጊታሩን ጭኗ ላይ አደረገችው። ከከረጢቱ ኪስ የተጨማደደውን ጋዜጣ አወጣች። ከዚያ የወፍራሙን ክር መቃኛ ወደ ኋላ ማዞር ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ወንዲ ከኋላ።

«ፋሲካ ገና ነው።»

ክሩ እያጉረመረመ ላላ። ሐኒ ጋዜጣውን ከማርቲ እጅ ወስዳ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ የመጀመሪያውን ክር ተቀበለቻትና በጥንቃቄ መጠቅለል ጀመረች።