ከጎማው ሥር የተገኘው ድንጋይ

መኪናው የለም።

አዋላጇ ከክሊኒኩ በር ወጥታ ባዶውን ቦታ አየችው። ጠዋት ባቆመችበት ላይ የቀረው የዘይት ጠብታ ብቻ ነው። ምጥ የጠናባትን እናት ይዛ ስለቆየች ደክሟታል፤ የደከመው ሰው ደግሞ መኪናውን የት እንዳቆመ ይረሳል። በአጥሩ ዙሪያ ሄዳ ፈለገች። በኋለኛው በር በኩልም አየች። የለም።

«ባለቤትዎ የወሰደው መስሎኝ ነበር፣ ሲስተር» አሏት ዘበኛው።

«ፊቱን አይተውታል?»

«ኮፍያ ደፍቷል። በቁልፍ ነው የከፈተው። በቁልፍ የከፈተን ሰው ምን ብዬ ልጠርጥር?»

ቁልፎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በጋውኗ ኪስ ውስጥ ነው፤ ዳሰሰችው፣ አለ። ሌላው ባሏ ጋ ነው። ባሏ ግን አናጺ እንጂ ሾፌር አይደለም። መንዳት ተማር ባሉት ቁጥር «እኔን ከመጋዜ ጋር ተዉኝ» እያለ ይስቃል። ደወለችለት። ይጠራል፣ አይነሳም። ወደሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ደወለች። አለቃው፣ ጠዋት «ጉዳይ አለብኝ» ብሎ እንደወጣና እንዳልተመለሰ ነገራት።

 ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሄዳ ለፖሊስ መሰረቁን አመለከተች።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መልሶ ደወለላት። መኪናው ተገኝቷል። «እሰይ» ልትል አፏን ስትከፍት ድምፁ ቀጠለ። መኪናው ሰው ገጭቷል።

ስለዚህ መኪና ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። የሸጠላቸው ሰው ጥርሱን ከድኖ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ሳቂታው ይለዋል። «የኔ እመቤት፣ ይሄ መኪና አይደለም፣ ሙሽራ ነው» ብሎ ነበር የሸጠላቸው። ሙሽራው ቤት ሲገባ ጉዱ ወጣ። አንዱ መስኮት ከወረደ አይወጣም። አንዱ በር ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። ዝናብ ሲዘንብ ውስጡ ከውጭው ይብሳል። ሁለተኛው ቁልፍ «ጠፍቷል» ስለተባለ ሌላ አስቀረጹ። የእጅ ፍሬኑ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ጎትተው፣ እስከ ላይ ይመጣል፤ መኪናው ግን ዳገት ላይ ሲሆን ቀስ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ማርሽ ውስጥ ቢያስገቡትም እየተንፏቀቀ ይወርዳል። በገዙት ሰሞን የጎረቤት አጥር ጥሶ ገብቷል። ሳቂታው ሲጠየቅ «እኔ ጋ እያለ እንዲህ ያለ ነገር አይቼበትም አላውቅ» ብሎ ሳቀ። ጋራዡ ዕቃው የለም አለ። ባሏ ምንም ሳይናገር ከጠንካራ እንጨት ጎማ ሥር የሚሸጎጥ ታኮ ጠርቦ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ፣ ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ አስቀመጠላት።

መኪናው የተገኘው ከመጋዘኖች ጀርባ ባለ ቁልቁለት ላይ ነው። የፊት መብራቱ ተሰብሯል፤ በስባሪው ላይ ደም ደርቋል። እዚያ የጠበቃት መርማሪ ጉንፋን የያዘው ቀጭን ሰው ነው። ድምፁን ሳያነሳ የሆነውን ነገራት። አንድ ጎሚስታ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ ጎማ ሲፈታ መኪናው አንስቶ ወርውሮታል። ነጂው አልቆመም። ጎሚስታው ሆስፒታል ነው፤ ራሱን አያውቅም።

«በሩ አልተሰበረም፣ ሽቦም አልተቆረጠም» አለ መርማሪው። «ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ሁለተኛው ማን ጋ ነው?»

«ባለቤቴ ጋ።»

«ይነዳል?»

«አይነዳም።»

«የማይነዳ ሰው ቁልፍ ምን ያደርግለታል?»

እሁድ እሁድ እንደሚያጥበውና ሞተሩን እንደሚያሞቀው አስረዳችው። እውነት ነው። ከአፏ ሲወጣ ግን ለራሷም ውሸት መሰላት። መርማሪው አፍንጫውን ጠረገ።

ድንጋዩን ያየችው ይሄኔ ነው።

ከኋላ ጎማው ሥር፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ሁለት ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ በጥንቃቄ ተሸጉጧል።  መኪና የሰረቀ ሰው ሲሸሽ የእጅ ፍሬን ጎትቶ ይሮጣል። ፍሬኑ እንደማይይዝ ካላወቀ በቀር ድንጋይ የሚፈልግበት ምክንያት የለም። ይህን የምታውቀው እሷ ናት። ባሏም ያውቃል። ከሁለቱ ሌላ ማን አለ?

መርማሪው ስልክ ተደውሎለት ፊቱን አዞረ። መኪናውን ሊወስድ የመጣው ጎታች መኪና በሰንሰለት ሲስበው ጎማው ወደፊት ተንከባሎ ድንጋዩን ዘሎ አለፈ። ድንጋዩ መንገዱ ላይ ቀረ። ጫማዋን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀና ብላ ዙሪያውን አየች። ያየ ሰው የለም።

ባሏ አመሻሽ ላይ መጣ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ አፈር ለብሷል። በእንጨት ሥራ ቤት ቀይ አፈር ከየት ይመጣል?

«የት ዋልክ?» አለችው።

«ሥራ ነዋ።»

«ደውዬ ነበር።»

«መጋዙ ሲጮህ ስልክ የት ይሰማል።»

የሆነውን ስትነግረው ደንግጦ ተቀመጠ። ስለ መኪናው አንድም ነገር ሳይጠይቅ «ሰውየው ይተርፋል?» አለ። በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ጥያቄው ትወደው ነበር። አሁን ግን አስፈራት። ገጭቶ የሸሸ ሰውም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው። ቦርሳዋን ቁምሳጥን ውስጥ ከልብሶቿ ሥር ደበቀችው። አጠገቡ ስትጋደም እስከ ግድግዳው ድረስ ሸሸች። ባሏን ፈራችው። ዕድሜዋን ሁሉ ያመነችውን ሰው፣ ድመት ሲሞት የሚያዝነውን ሰው፣ እስትንፋሱን እያዳመጠች ፈራችው።

በማግስቱ ጠዋት መጥተው ወሰዱት። የት እንደዋለ ሲጠየቅ ያው «ሥራ ቦታ» አለ። መርማሪው ግን አለቃውን አስቀድሞ ጠይቆ ነበር። ባሏ ውሸቱ ሲነገረው አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰም።

እሷንም ጣቢያው ግቢ ጠርተው፣ መኪናው ለምርመራ ስለሚቆይ የግል ዕቃዋን እንድታወጣ አዘዟት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው የሄደችው። ድንጋዩን ቤት ጥላው ለመውጣት አልደፈረችም፤ የትም ልትጥለውም አልደፈረችም። የኋላ ኮፈኑን ከፈተች። ጃንጥላዋ አለ። የሥራ ጫማዋ አለ። ከሥራቸው ቀዩ ታኮ ተቀምጧል።

አነሳችው። ወገቧን ስለሚያማት ጎንበስ እንዳትል ብሎ ባሏ ገመድ አስሮበታል። በገመዱ አውርዳ ጎማው ሥር ትሰደዋለች፤ ስትሄድ በገመዱ ትጎትተዋለች። አንድ ቀን ቸኩላ ድንጋይ ብታደርግ ለሳምንት ያህል ነዝንዟታል። ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ሰው ትጨርሺያለሽ እያለ። ይህ ሰው፣ በገዛ እጁ የጠረበው ታኮ ኮፈኑ ውስጥ እያለለት፣ ድንጋይ ፍለጋ አጥር ለአጥር ይዞራል?

በድንጋጤ ሊሆን ይችላል አለች ለራሷ። የደነገጠ ሰው ምን አያደርግም። ነገር ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና ታኮውን እንደያዘች በቆመችበት ቀረች።

መኪናውን ሊያዩ የሄዱ ዕለት ነው። ሳቂታው በሩ ላይ፣ ዳገቱ ጫፍ፣ እየሳቀ ተቀበላቸው። ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል በእግሩ ከጎማው ሥር ድንጋይ ገፋ አድርጎ «እንዳያደናቅፍሽ ብዬ ነው፣ የኔ እመቤት» አላት። እሷም አመስግናው ነበር። ሞኝ! አመሰገነችው።

መርማሪውን ፈልጋ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከጎማው ሥር ነበር። ትናንት እርስዎ ስልክ ሲያወሩ ደብቄ ያነሳሁት ነው።»

መሐረቡን ከአፍንጫው ላይ አወረደ። «ማስረጃ መደበቅ እንደሚያሳስር ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ባልዎ ነው ብለው ነዋ የደበቁት። ታዲያ ዛሬ ለምን አመጡት?»

ታኮውን ከድንጋዩ ጎን አስቀመጠችው።  «የነዳው ሰው የእጅ ፍሬኑ እንደማይይዝ ያውቃል። ታኮ እንዳለን ግን አያውቅም። ባለቤቴ ቢሆን ይሄን ነበር የሚያደርገው። ፍሬኑን ከኛ በፊት የሚያውቀው የሸጠልን ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አላውቅም ብሎ ክዷል።»

መርማሪው ድንጋዩንም ታኮውንም እያገላበጠ አየ። ከዚያ ኮቱን ለበሰ።

ሳቂታው የተጠራው ስለ ሽያጩ ቅሬታ ቀርቧል ተብሎ ነው። እየሳቀ መጣ፤ ለዘበኛውም፣ ለጸሐፊዋም፣ ለእሷም እጅ ነሳ። እሷ መስኮት አጠገብ ቆማ ታየው ነበር። ይህ ሰው እውነቱን ከሆነ ባሏ አይመለስም። 

«ከሸጥክ በኋላ ነድተኸዋል?» አለው መርማሪው።

«በየት አግኝቼው፣ ጌታዬ።»

«የእጅ ፍሬኑስ? ሴትዮዋ አይይዝም ትላለች።»

«እንዴት አይይዝም! ገደል አፋፍ ላይ ቢያቆሙት ንቅንቅ አይልም። ያበላሹት እነሱ ናቸው።»

መርማሪው እንደ ሰለቸው ሰው ቁልፉን አቀበለው። ግቢው ውስጥ መተላለፊያ ስለዘጋ መኪናውን ወደ ላይ አውጥተህ በሩ ጋ አቁምልኝ፣ ከዚያ እንጨርሳለን አለው። የጣቢያው ግቢ ከበሩ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ሳቂታው ነገሩ ያለቀ መስሎት በደስታ ገባ። አወጣው። አቆመው። ሞተሩን አጠፋ። የእጅ ፍሬኑን አልነካውም። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን መሬት አስነካ፤ ሌላውን የእግር ፍሬኑ ላይ እንዳደረገ ወዲያና ወዲህ መሬት መሬቱን አየ። ከአበባው መደብ ዳር የጡብ ስባሪ ነበር። እጁን ዘርግቶ አነሳው።

ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ሊያደርገው ጎንበስ እንዳለ ቆመ።

ግቢው ውስጥ ሁሉም ያዩታል። መኪናው ቀስ ብሎ መንሸራተት ጀመረ። ሳቂታው ጡቡን ይዞ፣ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ሲያልፈው አየው። አንድ ፖሊስ ሮጦ ገብቶ ያዘው።

«ገደል አፋፍ ላይ ንቅንቅ አይልም አላልክም?» አለ መርማሪው። ሳቁ ያን ጊዜ ጠፋ። ሰዎች ያለ ሳቅ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው፤ ሌላ ሰው መሰለ።

ቤቱ ሲፈተሽ «የጠፋው» ቁልፍ ተገኘ። ከሌሎች የሸጣቸው መኪኖች ቁልፎች ጋር በአንድ ቀለበት ታስሯል። ሥራው ይሄው ነው። ይሸጣል፤ ገዢው መኪናውን የት እንደሚያቆም ያጠናል፤ መልሶ ይወስድና በሌላ ከተማ ይሸጣል። የአዋላጇን መኪና የሚጠብቅ ገዢ ቀብድ ከፍሎ ነበር። ሳቂታው ወደዚያ ሲከንፍ ነው ጎሚስታውን የገጨው። ደም ያለበትን መኪና ማን ይገዛል? ቁልቁለቱ ላይ ጣለው። እሱ ሳይርቅ መኪናው ተንከባሎ ሰው እንዳይሰበስብበት እጁ የለመደውን አደረገ።

መርማሪው ድንጋዩን ስለ መደበቋም ቃሏን ተቀብሎ አስፈረማት። መልሳ ማምጣቷንም ከሥሩ ጻፈ። የሚወስኑት የበላዮቹ ናቸው አላት፤ ባሏን ግን ለቀቀላት።

ባሏ ጣቢያው በር ላይ ምስጢሩን አወጣ። ከታክሲ ነጂ ጓደኛው ጋር ከከተማው ዳር ባለ ባዶ ሜዳ መንዳት ሲማር ነበር፤ ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ ከኮቱ ጋር ታክሲው ኋላ ወንበር ላይ ጥሎታል። የለማጅ ፈቃድ የለውም። ቢናገር ጓደኛው መንጃ ፈቃዱን ይቀማል፣ ልጆቹ ጦም ያድራሉ።

«ከሥራ ስትመለሺ ወገብሽን ይዘሽ ስታቃስቺ እሰማለሁ» አለ። «አንድ ቀን በር ላይ መጥቼ፣ ወዲያ ተሻገሪ፣ እኔ ልንዳ ልልሽ ነበር።»

እሷም የራሷን ተናገረች። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቦርሳው፣ ስለ ቁምሳጥኑ። 

«እኔ ነኝ ብለሽ ነው?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አዎ» አለች።

«ሰው ገጭቼ፣ መንገድ ላይ ጥዬ የምሄድ።»

«አዎ።»

 ባሏ ታኮውን ከእጇ ተቀበለና ወደ ቤት ሄዱ።

ጎሚስታው ከብዙ ጊዜ በኋላ በክራንች ቆመ። የእጅ ፍሬኑ ተጠገነ። ባሏም በደንቡ ተምሮ፣ ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ አወጣ። የመጀመሪያው ቀን ክሊኒኩ በር ድረስ መጣላት። ወዲያ ተሻገረችና ከጎኑ ተቀመጠች። በደንብ ይነዳል፤ ስፖኪዮ ያያል፣ ለእግረኛ ይቆማል። በጎሚስታው በር ሲያልፉ ጎሚስታው ከክራንቹ ላይ አንድ እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ።

ባሏ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «እጅሽን አንሺው» አላት።

ያኔ ነው ያየችው። እጇ የእጅ ፍሬኑን አንቆ ይዟል፤ ከክሊኒኩ በር ጀምሮ ይዞት መጥቷል። አነሳችው፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እስከ ቤት ድረስም ጣቶቿ አልተፈቱም።