የተሞረደው ቁጥር

አሰግድ በየማለዳው ከአልጋው ሳይወርድ የሚስቱን ግራ ክንድ ይዳስሳል። ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ ያበጠው ቦታ ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፍና ይጠብቃል። ሐኪሞቹ ለኩላሊት እጥበቱ ብለው ሁለት የደም ሥሮቿን አገናኝተው የሰፉት እዚያ ላይ ነው፤ ደሙ በኃይል ሲያልፍ ቆሞ በዝግታ፣ በሚኒሞ እንደሚሠራ ሞተር ከቆዳዋ ሥር ይርገበገባል። ነርሷ «መርገብገቡ ከቀነሰ ወይም ካቆመ ቁርስ እንኳ ሳትበሉ ኑ» ብላቸዋለች። ውድነሽ ዓይኗን ሳትገልጥ «አለሁ?» ትለዋለች። «አለሽ» ይላታል። ከዚያ ተነስቶ ፊቱን ይታጠባል።

መቂ ላይ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቁጡነቱንም ጭምር። በዚያ አገር ፓምፕ እንደ ዶሮ ስለሚሰረቅ ጠግኖ ሲጨርስ በብረት ማህተምና በመዶሻ የባለቤቱን ቁጥር ዋናው ብረት፣ ቦሎኩ ላይ ይመታል። ቁጥር የተመታበት ብረት ጌታውን ያውቃል ብሎ ያምናል፤ ከሰው ይልቅ ብረት ማመን ይቀለዋል። ፒክአፑንም ያምነው ነበር። ባለ ቱርቦ፣ ናፍጣ፣ ደብል ጋቢና፤ ውድነሽን በሳምንት ሦስት ጊዜ አዳማ ወስዶ የሚመልሳት እሱ ነበር።

ያ ፒክአፕ አንድ ቀን ከአዳማ ሲመለሱ ሞጆ ላይ ከዳው። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ ተሰበረ፣ ሞተሩ ስብርባሪውን ዋጠ፣ ከዚያ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ይጮህ ጀመር። ቁልፉን ቢነቅለውም አልቆመም። የፒስተኑ ክንድ፣ ቢየላው፣ ቦሎኩን በስቶ ወጥቶ ነው ያረፈው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ውድነሽ በሚኒባስ ተጋፍታ ሄደች፤ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሿ አጥሮ፣ ከመነኸሪያው በር ላይ ወደቀች። አሰግድ ከመሬት ሲያነሳት ሁለተኛ በሚኒባስ እንደማትሄድ ለራሱ ማለ።

ሞተሩን ያገኘለት ኸይሩ ነው፤ አብሮ አደጉ፣ ጋራዥ ያለው፣ ቀልደኛ ሰው። ያገለገለ ዕቃ ከሚነግድ ሰው ላይ ልክ የፒክአፑን ዓይነት ሞተር ከነቱርቦው አመጣ። መቀመጫው ገጠመ፣ የሽቦ ሶኬቶቹ ገጠሙ፣ የሲሊንደሮቹ ግፊት ሲለካ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወደ ቱርቦው የሚገባውን የአየር ቱቦ ኸይሩ ሲያራግፈው የደረቀ የውሃ አረም ወደቀ፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ የተጠላለፈ። ኸይሩ በጣቱ አንስቶ አየውና «ይሄስ የሴት ፀጉር ነው የሚመስለው» ብሎ ሳቀ። አሰግድ አልሳቀም፤ ጊዜ አልነበረውም።

ጠብ የተነሳው በሞተሩ ቁጥር ነው። ኸይሩ ሞተሩ በራሱ ቁጥር ይኑርና በደንቡ ይመዝገብ አለ።

«እስኪመዘገብ ስንት ሳምንት? ውድነሽ ትጠብቃለች?»

«እሷን በኮንትራት መኪና እናመላልሳታለን። የሰው ሞተር ላይ ያንተን ቁጥር አትምታ፣ አሰግድ። ደግ አይደለም።»

«ገዝቼዋለሁ። የኔ ነው።»

ኸይሩ ለምሳ ሲወጣ አሰግድ የኤሌክትሪክ መሞረጃውን አነሳ። የድሮው ቁጥር ጠልቆ የተመታ ነበር፤ ብልጭታው እጁን እየፈጀው እስከ መጨረሻው አኃዝ ሞረደው። ጣቱን ሲያሳልፍበት ቦታው ልስልስ ብሏል፣ ምንም ያልነበረበት ይመስላል። ከዚያ የተሰበረውን የራሱን ሞተር ቁጥር መታ። ብረት ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ አሰግድ ያውቃል፤ የመጨረሻው አኃዝ ላይ ግን መዶሻው እርጥብ ጨርቅ እንደመታ ሁሉ ድም ብሎ ቀረ።

ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ኸይሩ ቁጥሩን አየና እጁን በጨርቅ ጠርጎ ኮፋኖውን ዘጋ። ቱርቦው ሲነሳ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንደመሳብ ያለ ፉጨት ነበረው፣ የሳበውንም መልሶ የሚያስወጣ አይመስልም። አሰግድ ሞተሩን አጥፍቶ ሲወርድ ከውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ። ቆም አለና ደግሞ ተንኳኳ። ብረት ሲቀዘቅዝ ይንኳኳል፤ ይህን ለስንት ገበሬ ያስረዳ ሰው ነውና ለራሱም አስረዳ።

በመጀመሪያው የአዳማ ጉዞ ውድነሽ እንደ ወትሮዋ ከፊት፣ ከጎኑ ተቀመጠች። መንገዱ ቆቃ ጋ ወደ ሐይቁ ውሃ ሲጠጋ በአየር ማስገቢያው ሽታ መጣ፤ የረጋ ውሃ፣ የበሰበሰ እምቦጭ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ጭቃ። አሰግድ መስኮቱን ከፈተ። ውጪው የአቧራና የናፍጣ ሽታ ብቻ ነበር፤ መጥፎው ሽታ ከውስጥ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ የውድነሽ ቀበቶ አልፈታ አለ። አሰግድ የቀበቶውን መፍቻ ሲጫን ቀበቶው እየጠበቀ ሄደ፤ ደረቷ ላይ ገብቶ ትንፋሿን እስኪያሳጥራት ድረስ። በቢላ ቆርጦ አወጣት። መቀመጫውን ሲነካው ርሷል፤ ቀሚሷ ግን ደረቅ ነበር።

«አርጅቶ ነው» አላት።

ውድነሽ የተቆረጠውን ቀበቶ አየችና ገባች።

በሚቀጥለው ጉዞ የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ለምን ቢላት በሩን ዘጋች። በጠራራ ፀሐይ የፊተኛው የቀኝ መስኮት ከውስጥ በኩል ላብ ያዘው። የእሱ ጥርት ያለ ነው፣ የኋላዎቹም እንዲሁ፤ ያኛው ብቻ ከታች ወደ ላይ እየነጣ ሄደ፣ አንድ ሰው አፉን አስጠግቶ እንደሚተነፍስበት ሁሉ። አሰግድ እጁን ዘርግቶ ጠረገው፤ ሳይቆይ ነጣ። ከአዳማ ሲመለሱ ቆቃ ጋ መሪው ወደ ውሃው ጎተተው። ጡንቻው እስኪንቀጠቀጥ ይዞ አለፈ።

«ፊት ነይ እንጂ! ሹፌርሽ ነኝ እንዴ?» ብሎ ጮኸባት። የፈራ ሰው ቁጣ ነበር፤ እሷም አወቀችበት።

«ሰው ተቀምጦበታል» አለች ውድነሽ፣ በዝግታ። «አንተን ነው የምታየው። እኔን ግን ዞር ብላ ስታየኝ... አሰግዴ፣ ጠልታኛለች።»

ከዚያ በኋላ እስከ መቂ ቱርቦው ብቻ ይስባል፣ ይስባል።

አሰግድ ኸይሩ ጋራዥ ሄዶ አብረው ኮፋኖውን ከፈቱ። አሰግድ የመታው ቁጥር የለም። ቦታው ላይ የድሮው ቁጥር ቆሟል፤ በማህተም የተመታ አይደለም፣ የዳነ ቁስል ጠባሳ ሆኖ ከብረቱ ውስጥ ወደ ላይ አብጦ የወጣ ነው። ኸይሩ ሞተሩን የሸጠለት ነጋዴ ጋ ደወለ፣ ሰደበው፣ ለመነው፣ በመጨረሻ አዳመጠው። ስልኩን ሲዘጋ ቀልደኛው ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ቆቃ ውሃ ውስጥ የገባ መኪና ሞተር ነው። ባልየው በመስኮት ወጥቷል። ሚስቱ ቀበቶው ይዟት...» ሞተሩ ላይ እጁን ሊያሳርፍ ሄዶ መለሰው። «እሱ ዳር ላይ ቆሞ ስታንኳኳ ሰምቷል ይላሉ። ተመልሶ አልገባም። አንተ ደግሞ እዚህ ላይ ቁጥርህን መትተህ የኔ ነህ አልከው። ነገ እናወርደዋለን።»

«ነገ እናወርደዋለን» አለ አሰግድ።

በማግስቱ ማለዳ አውራ ጣቱን ክንዷ ላይ አሳረፈና ጠበቀ። መርገብገቡ ቀጥኗል፤ ይመጣል፣ ይጠፋል። «አለሁ?» አለችው። ተነስቶ ነጠላዋን ፈለገ። ቁርስ ሳይበሉ መሄድ አለባቸው፣ አሁን። ኮንትራት የሚሠራው ጎረቤቱ መኪናውን ይዞ ዝዋይ አድሯል። ኸይሩ ስልክ አያነሳም። ሚኒባስ አሰበ፣ መነኸሪያው በር ላይ ወድቃ ያየውን ፊቷን አሰበ። ፒክአፑ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ገና ቁልፍ ሳይነካው የቀኙ መስኮት ነጥቷል።

ውድነሽን በነጠላ ጠቅልሎ ኋላ አስቀመጣት። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። ለማን እንደሚናገር አላወቀም።

እስከ ዓለም ጤና ደኅና ሄዱ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ አሁን ግን ጉሮሮ የሚሞላ፣ የሚቀመስ ነበር። መስኮቶቹ በሙሉ ከታች ወደ ላይ ነጡ፣ ጋቢናው በቀዝቃዛ እንፋሎት ተሞላ። ከኋላው ውድነሽ ስታስል ይሰማል። ከጎኑ ባዶው መቀመጫ ላይ የተቆረጠው ቀበቶ ተወጥሯል። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፤ ሞተሩ ጮኸ። ፍሬን ረገጠ፤ እግሩ ባዶ ውስጥ ገባ። ቁልፉን ነቀለ፤ ቱርቦው ፉጨቱን እያቀጠነ ሳበ፣ ሳበ፣ ፒክአፑም ከአስፋልቱ ወርዶ በድንጋዩና በቁጥቋጦው ላይ እየዘለለ ቁልቁል ወደ ውሃው ተንደረደረ። አፍንጫው ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ ውሃ ኮፋኖውን ሲነካ ነው የቆመው።

አሰግድ በሩን በትከሻው ገንጥሎ ወጣ። ዳር ላይ ለመቆም አላሰበም፤ እሱ ያ ሰው አይደለም። ዞሮ የኋላውን በር ከፈተ። ነጭ እንፋሎት ፊቱ ላይ ፈሰሰ፣ ምንም አይታይም። «ውድነሽ! እጅሽን!» አለ። እጅ መጣ። ከየትኛው መቀመጫ እንደመጣ አላስተዋለም። ጨብጦ ሳባት፣ ተሸከማት፣ ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ወድቆ፣ የራሰው ፀጉሯ አንገቱ ላይ ተጣብቆ፣ ዳገቱን በጉልበቱም በእጁም እየዳኸ ወጣ። የፒክአፑ የኋላ በር ከጀርባው ተዘጋ።

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው። አሰግድ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ አውጥቷታል፣ ጥሏት አልሸሸም፣ አሁን መኪና አስቁሞ ይወስዳታል። ፊቷን ደረቱ ውስጥ ቀብራ ትንቀጠቀጣለች። ከታች ፒክአፑ ቀስ እያለ ወደፊት ሸርተት አለ፤ ሞተሩ በሚኒሞ፣ በሰላም ይሠራል።

«አለሁ?» አለችው።

ግራ ክንዷን ወደ ራሱ ስቦ አውራ ጣቱን እንደ ወትሮው አሳረፈ። እብጠቱ የለም፣ ስፌቱ የለም፤ ቆዳዋ እንደተሞረደ ብረት ልስልስ ብሏል፣ ከታች ውሃው ዳር ደግሞ የፒክአፑን የኋላ መስኮት አንድ ሰው በመዳፉ ከውስጥ ያንኳኳል።