ዘይቱ ሳይደርቅ

አናጺው ሞቶ የተገኘው ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ሥራ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ከጭንቅላቱ ኋላ የወጣው ደም እንጨት በሚያጣብቅበት ሞርሳ ብረት ጠርዝ ላይም ታይቷል። በቀኝ እጁ ጣቶች መካከል የቫርኒሽ ብሩሽ አለ። አጠገቡ ለአንዲት ልጁ ሠርግ የሠራው ሣጥን አዲስ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብለጨልጫል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ቋጭተውት ነበር። «የቫርኒሹ ሽታ አዙሮት ወደቀ» አሏት።

ባልደረቦቿ «ፈልፋይ» የሚሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሟቹ ጣቶች በዓመታት የተልባ ዘይት ወይበዋል፤ ብሩሹን ግን አልጨበጡትም። ብሩሹ በመካከላቸው ተሸጉጧል። ወደ ሣጥኑ ዞረች። ቫርኒሹ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዷል። ክዳኑ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ሰው ክንዱን ያሳረፈበት የሚመስል ምልክት አለ። ሣጥኑን አስነሥታ ከሥሩ አየች፤ በጠመኔ «ዘይት፣ ረቡዕ» ይላል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኘውን የልጅቷን እጮኛ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

«አልዋሽም፣ አባቷ አልወደዱኝም ነበር» አላት። «"መኪና ያለው ሰው እግሩ አይረጋም" ይሉ ነበር። የመጣሁት ሣጥኑን ልለካ ነው፣ መኪናዬ ላይ ለመጫን።»

«ነካኸው?»

«ኧረ! እርጥብ መሆኑን እያየሁ?»

የአናጺው ታናሽ ወንድም በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሠላሳ ዓመት እዚያው ቤት መጋዝ ስቧል። የሹራቡን እጅጌዎች እስከ ክርኑ ጠቅልሏል፤ ዓይኖቹ ደም መስለዋል።

«አምስት ሰዓት ላይ ጣውላ ልገዛ ወጣሁ» አለ። «ወንድም ጋሼ የቫርኒሹን ቆርቆሮ ሲከፍት ነው የተለየሁት። ምነው ባልሄድኩ!»

«ቫርኒሹ መቼ ይደርቃል?»

«ነገ ጠዋት ድንጋይ ነው የሚሆነው። ለሠርጓ ይደርስላታል።»

ልጅቷን ያገኘቻት ጓዳ ውስጥ፣ የአባቷን ኮት ታቅፋ ነው። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አባትሽ ዘይት ከቀባ በኋላ ቫርኒሽ የሚያስከትለው መቼ ነው?»

«ቢያንስ አሥር ቀን ይጠብቃል። በነጭ ጨርቅ ያሸዋል፤ ጨርቁ እንደነጣ ከተመለሰ ብቻ ነው ብሩሽ የሚያነሣው። ዘይቱ ሳይደርቅ ቫርኒሽ ካረፈበት ይጨማደዳል፣ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የኔን ገና ረቡዕ ነው ዘይት ያጠጣው። ለምን ጠየቁኝ?»

መርማሪዋ መልሱን ለማግስቱ አቆየችው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሦስቱንም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጣቷን ሣጥኑ ላይ አሳርፋ አነሣች፤ ቫርኒሹ ክር እየሳበ ተከተላት።

«ድንጋይ አልሆነም» አለች። «ከሥሩ ያለው ዘይት የሁለት ቀን ዕድሜ ነበረው። አናጺው ሥራውን ያውቃል፤ ለልጁ የሠራውን ሣጥን እንዲህ አያበላሽም። ስለዚህ የቀባው ሌላ ሰው ነው። ብሩሹንም ጣቶቹ መካከል የሸጎጠው ያው ሰው ነው፤ እየሠራ በድንገት የወደቀ እንዲመስል።»

«እኔ ብሩሽ አያያዝም አላውቅ» አለ ሾፌሩ።

«አንተን አላልኩም። ቆርቆሮውን ሲከፍት አየሁ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያልሆነ ነገር ደግሞ አይታይም።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ነይ እስቲ፣ ይህን ምልክት እዪው።»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። ቫርኒሹ ላይ የሹራብ ዓይኖች ተራ በተራ ታትመዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ተዘለዋል።

«ይሄ የኔ ስህተት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሹራቡን ስሠራ እጅጌው ላይ ሁለት ዓይን ዘልዬ፣ መፍታቱ ታክቶኝ…» ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል። «ጋሼ?»

«እጅጌዎን ይዘርጉት» አለችው መርማሪዋ።

አጎትየው ዘረጋው። ከክንዱ በታች ሰጋቱራ ተለጥፎበታል፤ ሊያራግፈው ሞከረ፣ አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

«ብሩሹን ስጠኝ ነው ያልኩት» አለ። «ዘይቱ ሲደርቅ እኔ ልቀባላት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አልኩት። ሠላሳ ዓመት አስነክቶኝ አያውቅም። "አንተ ለመጋዝ ነው የተፈጠርከው፤ መጠበቅ አታውቅም" አለኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው… ሞርሳው አገኘው።»

ሾፌሩ ልጅቷን ሊደግፋት ቀረበ፤ በእጇ አቆመችው።

«ሣጥኑን ስትቀባ አባዬ ሞቶ ነበር?»

አጎትየው እጅጌው ላይ የተለጠፈውን ሰጋቱራ መልቀም ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሞቶ ነበር ወይ?»

«ያቃስት ነበር» አለ። «ሰው ልጠራ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ምን እላቸዋለሁ ብዬ ተመለስኩ። ቀብቼ ስጨርስ ድምፁ የለም።»

መርማሪዋ ብዙ ኑዛዜ ሰምታለች፤ የዚያን ቀን ግን ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። ልጅቷ አላለቀሰችም።

«ሣጥኑ የኔ አልነበር?» አለች። «እኔን ብትጠይቀኝ አስቀባህ ነበር እኮ። አባዬን ለምኜ አስቀባህ ነበር።»

ሰውየው ወለሉ ላይ፣ ሰጋቱራው መሃል ተቀመጠ። መርማሪዋ በብብቱ ገብታ አነሣችውና ካቴናውን ሳታወጣ ወደ ውጭ መራችው። ደጁ ለለቅሶ በመጣ ጎረቤት ተሞልቷል። ሰዉ ግራና ቀኝ መንገድ ለቀቀለት። ነገሩን ያልሰሙ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ እሱ ጠጋ አሉና ትከሻውን ዳበስ አደረጉት።

«አይዞህ ልጄ» አሉት፣ «ወንድም ማጣት ከባድ ነው።»