በእናት አፍ የተረገጠ ፍሬን

ቁልቁለቱ ላይ በተንጠለጠለችው ባለሁለት ክፍል ቤት ሦስት ሰዎችና አንዲት አሮጌ መኪና ይኖሩ ነበር። ከአራቱ የሚግባቡት እናቲቱና መኪናዋ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም አርጅተው፣ ሁለቱም ዳገት ሲወጡ ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማ ነበርና።

ታላቁ ልጅ በያጅ ነው። ክንዱ የዋርካ ግንድ፣ ጡጫው የበሬ ግንባር የሚሰነጥቅ! ታናሹ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶትም ቤቱ ሰፈሩ ገና "ማሙሽ" ይለዋል። እነዚህ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ሁለት አንበሶች ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ነገሩ የተጀመረው አባታቸው በሞቱ ዕለት ነው። ማሙሽ ሥራ ላይ ነበርና ሳይደርስ ቀረ። "አሁን ነው የምትመጣው?" አለና ታላቁ፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ በጥፊ አጮለው። ያቺ ጥፊ ሰባት ሰፈር ተሻግራ ተሰምታለች! ማሙሽም አግዳሚውን አንስቶ መለሰ። የታላቁ ጆሮ ለሁለት ተተረተረ፤ የታናሹ ሁለት ጥርሶች እንደ በቆሎ ፍሬ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ለቀስተኛው ሟቹን ትቶ ገላጋይ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ቃል የሚሻገረው በእናት አፍ ብቻ ነበር።

"እማዬ፣ ጨው ያቀብለኝ በይው።"

"ጨው አቀብለኝ ይልሃል።"

"እጁን ማን ቆረጠው በይው።"

የሁለቱን ቃል ታመላልሳለች። ምን ታድርግ? ዝም ብትል ቤቱ መቃብር ሊሆን ነው!

ይባስ ብሎ ኩላሊቷ ከዳት። በሳምንት ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ሄዳ ደሟ በማሽን ካልታጠበ ሕይወት የላትም። የምታደርሳት ያቺው የአባታቸው መኪና ናት። መኪናዋም በተራዋ ታመመች፤ ፍሬኗ ሲረገጥ እንደ በሰበሰ ፍራሽ ልምሽሽ ይል ጀመር። የእጅ ፍሬኑማ ገመዱ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ ማታ ማታ የሚይዛት ከጎማዋ ሥር የሚደረግ ድንጋይ ነው።

ቀጠሮዋ እኩለ ቀን ላይ ነበር። በያጁ በማለዳ ከመኪናዋ ሥር ተጋደመ። የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል። የት ገባ? አንድ በአንድ እየዳበሰ ሲሄድ የኋላው ቀኝ ጎማ ከውስጥ በኩል ርሶ አገኘው። ፈታው፤ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ ተበልቷል። በአዲስ ለወጠው። የቀረው ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው። ይሄ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፦ አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ላላ አድርጎ አየሩን አስወጥቶ ያጠብቃል። ከዚያ ብቻ ነው እግር የሚነሳው። ቡሎኗ ሳትጠብቅ እግር ከተነሳ፣ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል።

ማሙሽ ጋቢና ገባ፣ በያጁ ጎማው ጋ ተንበረከከ፤ እናትየው ወንበሯን ከጋቢናውና ከኋላው ጎማ መሃል አስቀምጣ ተቀመጠች።

"ያዝ በይው።"

"ያዝ፣ ማሙሽዬ።"

"ይልቀቅ።"

"ልቀቅ።"

ማሙሽ የወንድሙን ድምፅ ይሰማል፤ ሦስት ክንድ አይራራቁም! ግን እናቱ ካልደገመችው እግሩ ንቅንቅ አይልም። እልህ ነዋ!

ሦስት ጎማ በሰላም አለቀ። አራተኛው ላይ ማሙሽን ክፉ ቀን ገፋፋው።

"እማዬ፣ ይሄ በያጅ ፍሬኑን ደግሞ እንዳይበይደው አደራ በይው።"

"አባቱ ሞት ላይ ለዘገየ ሾፌር ፍሬን ምን ያደርግለታል በይው! ድሮም ቆሞ የቀረ ነው!"

ይህን እንኳ አልደገመችውም። ማሙሽ ግን ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። ክሪኩን አንስቶ የወንድሙን ትከሻ አደቀቀው፤ በያጁ በመፍቻው አገጩን ከፈለው። መሬቱ በደምና በዘይት ተለወሰ። ተያይዘው ሲንከባለሉ እናት መሃል ገባች፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ክርን ደረቷን መታት። ወንበሯ ላይ ተዘረጋች።

"ጨርሱ..." አለች ትንፋሽ አጥሯት። "ቀጠሮዬ እንዳያልፍ..."

አፍረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

"ያዝ በይው።"

"ያዝ..." ሳል አፈናት። የምትለው ሁሉ ተምታታባት። "ልቀቅ..."

ማሙሽ እግሩን አነሳ። ቡሎኗ ግን ገና አልጠበቀችም ነበር! በያጁ አየሩ ሹልክ ብሎ ሲገባ በዓይኑ አየ። ማሙሽ ፔዳሉ ልምሽሽ ሲል በእግሩ ሰማ። ሁለቱም አወቁ! "እንድገመው" ለማለት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ግን በማን አፍ? እናት ደክማለች። ለዚያ ለጠላት ማን ቀድሞ ይናገር? በያጁ ቡሎኗን አጥብቆ ዝም አለ። ማሙሽም ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ።

"የግቢውን በር ይክፈትልኝ በይው" አለ ማሙሽ ከጋቢናው።

"እግሩን ምን በላው በይው!" አለና በያጁ በንዴት ድንጋዩን ከጎማው ሥር በእርግጫ አሽቀነጠረው።

እናት ግን ክርክሩን አልጠበቀችም። ግድግዳ ተደግፋ ቁልቁል ሄዳ የብረት በሩን መወርወሪያ መታገል ይዛለች... መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ማሙሽ ረገጠ። ፔዳሉ ወለል ነካ። ደገመ፤ ባዶ! ግራ ግንብ፣ ቀኝ ግንብ፣ ፊት ለፊት እናት!

"ወንድም ጋሼ! ያዛት!"

ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣች የመጀመሪያ ቃል! በያጁ የኋላውን ብረት ጨበጠ። ያ የዋርካ ግንድ ክንድ፣ ያ በሬ የሚጥል ጉልበት፣ አንዲት አሮጌ መኪና ማቆም አቃተው! ጉልበቱ አጥንቱ እስኪታይ እየተገሸለጠ ተጎተተ። የብረት በሩ እንደ ነጎድጓድ ጮኸ።



እናት በሩና መኪናዋ መሃል ሆና፣ ደም ከአፏ እየወረደ፣ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

"እማዬ! አናግራት፣ ማሙሽ! ንገራት!" አለ በያጁ። "ይቅር በለኝ ብሎሃል በይው፣ እማዬ... በይው..."

"ከእንግዲህ..." አለች፤ "ራስህ ንገረው።"

አለቀች።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ማለዳ ሰፈሩ ከግቢው ድምፅ ሰማ። "ያዝ፣ ማሙሽ።" "ይዣለሁ፣ ወንድም ጋሼ።" "አጥብቄዋለሁ፤ ልቀቅ።" "ለቀቅሁ።" ሁለቱም እያለቀሱ ነበር። በመሃላቸው ባዶ ወንበር አለ፤ ማንም ያነሳው የለም። ፔዳሉ ያን ቀን እንደ አለት ጠነከረ። ወዮ ዕጣ ፈንታ! በአንዲት ቃል የሚዳን ቤት ስንት ነው? ቃሏ ሁልጊዜ የምትገኘው፣ የሚሰማት ከሄደ በኋላ ባይሆን ኖሮ...